እርጎውን ስንት ላድርገው?

ባለፈው ጥር አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። ደብረ ብርሃን ላይ ያኔ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ የማታው ወተት የሚታለብበት ሰዓት። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ስልክ ሲጠራበት ምን እንደሚያስብ እናንተም ታውቁታላችሁ። «ማን ሞተ?» ብዬ ነው ያነሳሁት። ታናሽ ወንድሜ ነበር። የሞተ ሰው አልነበረም።

«እትዬ፣ እማዬ እርጎውን ስንት ላድርገው ብላ ጠይቃት ብላኝ ነው» አለኝ።

«የቱን እርጎ?»

«ያልሻትን ነዋ! ለቦራ ጡት።»

ቦራ የእናቴ ላም ናት። ከሆልስታይን የተዳቀለች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ከሦስቱ ላሞቻችን ወተቷ የሚበዛው እሷ ናት። እኔ 12ኛ ክፍል እስክጨርስ ደብተሬም ጫማዬም፣ ኋላም ወደዚህ አገር ስመጣ የእንግሊዝኛ ፈተናው ክፍያ የወጣው ከቦራና ከእናቷ ጡት ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ላም ጡት የሚያወራ ጽሑፍ ስታገኙ ብትስቁ አልፈርድባችሁም፤ ለእኔ ግን የትምህርት ቤቴ ታሪክ ነው።

እርጎው እንዴት ወደ ላም ጡት እንደደረሰ ለማስረዳት ወደ ጥቅምት ልመልሳችሁ። እዚህ ፊትዝሮይ ሁለተኛ ዓመቴን እየጨረስኩ ነበር። የማይክሮባዮሎጂ መምህራችን «አንቲባዮቲክ ሲያቅተው ምን ይተካዋል?» በሚል ርዕስ ጽሑፍ አዘዘን፤ በሽታውን የምንመርጠው ከተሰጠን ዝርዝር ውስጥ ነው። ጓደኞቼ የሳንባውንና የቆዳውን ሲሻሙ እኔ ከታች የተቀመጠችውን ማስታይቲስን አነሳሁ። ከዝርዝሩ ሁሉ ሽታውን የማውቀው እሱን ብቻ ነበር።

የጡት በሽታ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ለሁሉም ይታያል፤ ግቱ ያብጣል፣ ይግላል፣ ላሟ ስትነካ ትራገጣለች፣ ወተቱ እንደ አይብ ተቆራርሶ ወይም ደም ተቀላቅሎበት ይወጣል። ሁለተኛው ድብቁ ነው። ወተቱ ነጭ፣ ግቱ ለስላሳ፣ ላሟም ደህና ትመስላለች፤ ግን ውስጥ ውስጡን ባክቴሪያ ሰፍሮባት ወተቷ በየቀኑ ይቀንሳል። በኢትዮጵያ በየቦታው የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ ደምሮ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ትንታኔ እንዳሳየው ከተመረመሩት ላሞች ወደ ግማሽ የሚጠጉት አንዱ ወይም ሌላው ነበረባቸው፤ የሚበዛውም ድብቁ ነው። እኛ ሰፈር ወተቷ በድንገት የቀነሰ ላም «ዓይን በላት» ትባል ነበር። አሁን ሳስበው ጎረቤቶቻችን ያለ ጥፋታቸው ብዙ ተጠርጥረዋል።

መነሻው ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ ኦውረስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ክፉ እንግዳ ነው፤ በአላቢ እጅና በማበሻ ጨርቅ ከላም ላም ይሄዳል፣ ግት ውስጥ ከገባ በኋላ በጠባሳ ተከልሎ፣ አልፎም የላሟ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። አንቲባዮቲክ ቢሰጥም ላሟ የዳነች መስላ ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። አገራችን ውስጥ ደግሞ መድኃኒቱን ያለ ማዘዣ ገዝቶ በግምት መስጠት ብርቅ አይደለም፤ መድኃኒት የተሰጣት ላም ወተት ለጥቂት ቀናት መደፋት ሲገባው ገበያ ሲወጣም አይቻለሁ። የወተት ብር የዕለት ጉርስ በሆነበት ቤት «ድፉት» ማለት ቀላል አይደለም።

ለጽሑፉ ሳነብ ነው ናይሲን ከሚባል ነገር ጋር የተዋወቅሁት። ወተትን የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎች፣ በተለይ ላክቶኮከስ ላክቲስ፣ ለራሳቸው ቦታ ለማስከበር ሌሎችን የሚገድል ትንሽ ፕሮቲን ያመርታሉ። ይህ የመግደል ችሎታ እ.ኤ.አ. በ1928 አሜሪካ ውስጥ ታየ፤ በ1933 እዚሁ ጎረቤታችን ኒውዚላንድ ዋይትሄድ የሚባል ተመራማሪ አንዳንዱ ወተት ለምን እንደማይረጋ ሲፈልግ አገኘው፤ በ1947 ማቲክና ሂርሽ እንግሊዝ ውስጥ ስም አወጡለት። አሠራሩ ደስ ይላል። የጠላቱን ባክቴሪያ ግድግዳ መሥሪያ ጡብ ይይዝና ሽፋኑን ይበሳዋል፤ ባክቴሪያው ፈስሶ ያልቃል። ኢ. ኮላይንና ዘመዶቹን ግን ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላላቸው እምብዛም አይነካቸውም። ስሚዝ ስትሪት ላይ ካለው ሱፐርማርኬት አንዳንድ የሚቀባ አይብ ጀርባውን ብታነቡ «234» የሚል የማቆያ ቁጥር ታገኛላችሁ። እሱ ነው።

በጣም የገረመኝ ደግሞ ናይሲን ስም ባወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1949፣ በታመመ የላም ጡት ላይ ተሞክሮ እንደነበር ማወቄ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም ማለት ነው። ግን ያኔ ፔኒሲሊን ደርሶ ነበር፤ ፔኒሲሊንን መድኃኒት ካደረጉት አንዱ የአዴሌዱ ልጅ ሃዋርድ ፍሎሪ በ1945 ኖቤል ተሸልሞበታል፤ ርካሽና ፈጣን መድኃኒት ሲኖር ደግሞ የወተት ባክቴሪያ ማን ያስታውሳል? ሐሳቡ ተመልሶ የመጣው አንቲባዮቲኩ መልመድ ሲጀምር ነው። አየርላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች ከኬፊር፣ ማለትም ከእርጎ ዘመድ፣ ያገኙትን ባክቴሪያ ያሳደጉትን እንዳለ ሕያውን በታመመ ጡት ውስጥ አስገቡ። በ2008 የወጣው ውጤታቸው በመደበኛ አንቲባዮቲክ ከታከሙት ላሞች ብዙም የራቀ አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ልቤ የተነሳው። እርጎ! የእናቴ እርጎ! ጥቅምት መጨረሻ እሁድ ስደውል እንዲህ አልኳት፦ «እማዬ፣ ፈረንጆቹ ዛሬ የደረሱበት አንቺ ጓዳ ውስጥ ያለው ነው። እርጎ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የላም ጡት እንደሚያድን ተረጋግጧል።» ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። «ተረጋግጧል» አልኩ። እናቴ «ተመስገን፣ እኔ እኮ ድሮም እርጎ መድኃኒት ነው እል ነበር» ብላ ሳቀች። እኔም በአንድ ስልክ ሁለት ነገር ያሳካሁ መሰለኝ፤ የከፈለችበትን ትምህርት ፍሬ አሳየኋት፣ እሷንም አኮራኋት።

ለነገሩ ያን ሰሞን ቤታችን በእርጎ ተጠምዶ ነበር። የምኖረው አተርተን ጋርደንስ ካሉት አራት ረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ የሱፐርማርኬቱን እርጎ «ይሄ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው» እያለች ታማዋለች። የምትናፍቀው የወይራ ጭሱን ነው። አንድ ቀን ግሪካዊው ጎረቤታችን ከገረዘው የወይራ ዛፍ ቅርንጫፍ ለምና አመጣች፣ አደረቀችው፣ ማሰሮ አጠነች። የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ከዚያ የኮሪደሩ፤ ከዚያ የእሳት አደጋ መኪና መጣ። የራስ ቁር ያደረገ ጎልማሳ በር ላይ ቆሞ «ምግብ አሯል?» ሲላት «የለም፣ ዕቃ እያጠንኩ ነው» ያለችው እስካሁን የሕንጻችን ቀልድ ነው። እርጎው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሪፍ ነበር።

በዚያው ሰበብ የፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊን ሥራዎች አነበብኩ። በ1990ዎቹ እርጎን በላቦራቶሪ የመረመሩ ሰው ናቸው፤ የዕቃ ማጠን ምን እንደሚያደርግ፣ ጎጂ ባክቴሪያ እርጎ ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚሆን። ወተቱ እየኮመጠጠ ሲሄድ ጎጂዎቹ ይዳከማሉ፤ ሁልጊዜ ግን ፈጽመው አይጠፉም። ይህን ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ አስምሬበታለሁ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ። አስምሬበት ሳበቃ ለእናቴ ግን አልነገርኳትም።

ወደ ስልኩ ልመለስ። «ምንም እንዳታደርግ በላት!» ብዬ ጮህኩ፤ አክስቴ ከእንቅልፏ ተነሳች። ወንድሜ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጠዋት አንዴ አድርጋለች» አለኝ። የቦራ የኋላ ቀኝ ጡት ከሦስት ቀን በፊት ጠጥሮ ነበር፤ ወተት ሰብሳቢው የአልኮል ምርመራ አድርጎ ወተቷን መለሰባቸው። እማዬ ያን ጊዜ የኔ ነገር ትዝ አላት። መርፌ የሌለውን ስሪንጅ በፈላ ውኃ ቀቅላ፣ እርጎውን በነጠላ አጥልላ፣ በጡቱ ቀዳዳ አምስት ሲሲ ያህል አስገባች። በጥንቃቄ ነው ያደረገችው፤ እንደ ሕፃን ልጅ ጆሮ ጠብታ። ማታ ግን ጡቱ እሳት ሆነ፣ ቦራም መኖ አልቀምስ አለች። ስለዚህ የጠየቀችው «ይበቃል ወይስ ልጨምር?» ብላ ነው።

አሁን የማውቀውን ያኔ በደንብ ባውቀው ኖሮ እንዲህ እላት ነበር። አየርላንዶቹ ያስገቡት እርጎ አይደለም። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ነው፤ ዘሩ የታወቀ፣ ብቻውን ያደገ፣ የተቆጠረ፣ ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ያለ። እርጎ ግን አንድ ባክቴሪያ ሳይሆን አንድ ገበያ ነው፤ ጥሩው ነጋዴም ሌባውም እርሾውም አለበት። ንጽሕናው ባልተጠበቀ ነገር ጡት ውስጥ ሲገባ የእርሾ ኢንፌክሽን እንደሚመጣ፣ አንቲባዮቲክም እንደማይነካው፣ የእንስሳት ሐኪሞች ከጥንት የሚያውቁት ነው። ሌላም አለ። ሕያው ባክቴሪያው ከሚያድንባቸው መንገዶች አንዱ ራሱ ግቱን ማስቆጣቱ ነው፤ የላሟ ነጭ የደም ሕዋሳት ግር ብለው ይመጡና የተደበቀውን ጠላት አብረው ያጸዱታል። ንጹሑ ባክቴሪያ እንኳ ግቱን ካስቆጣ ቀድሞ የተቃጠለ ጡት ላይ አንድ ገበያ ሙሉ ሲለቀቅ ምን እንደሚከተል አስቡት። ይህን ሁሉ በጽሑፌ ውስጥ «ገደቦች» በሚለው ክፍል በአራት መስመር አስቀምጬዋለሁ። መምህሩ በጎን «ጥሩ» ብሎበታል።

ሐኪሙ በማግስቱ ጠዋት መጣ። ጡቱ በየሁለት ሰዓቱ እየታለበ እንዲደፋ አዘዘ፣ መርፌ ወጋት፣ ለትኩሳቱም ሰጣት። ቦራ ተረፈች። የኋላ ቀኟ ጡት ግን ነጠፈ። በቀን ወደ 12 ሊትር ትሰጥ የነበረችው ዛሬ 9 ብትሰጥ ነው። ሐኪሙ እንዳለው ጡቱ ከጠጠረ ሦስት ቀን ስለሆነው እርጎ ባይገባም ሊሞት ይችል ነበር፤ የቱ እንደገደለው መለየት አይቻልም። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት እለየዋለሁ።

አንድ ነገር ከወንድሜ ነው የሰማሁት። ሐኪሙ ተቆጥቶ «ማነው ይህን የመከራችሁ?» ሲል እማዬ ቶሎ ብላ «ማንም፤ ከራሴ ነው ያመጣሁት» አለችው። ወንድሜ አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኗ ያዘችው። እኔ ስደውል ደግሞ ስለ ጡቱ አንዲት ቃል አላነሳችም፤ «ትምህርት እንዴት ነው? በልተሻል?» ብቻ። ቅዳሜና እሁድ ብረንስዊክ ስትሪት ላይ ካፌ ነው የምሠራው፤ የሐኪሙንና የተደፋውን ወተት ዋጋ ላክሁላት። ተቀበለች፤ ከዚያ በሳምንቱ በሰው እጅ በርበሬና ሽሮ መጣልኝ። ስገምተው ከላክሁት ብር ሳይበልጥ አይቀርም።

ሚያዝያ ላይ የክፍል ጓደኛዬ አያቶቿ ጋ ይዛኝ ሄደች፤ ዋራጉል አጠገብ፣ ጊፕስላንድ። ከሳውዘርን ክሮስ በባቡር ነው። ከአውስትራሊያ ወተት ከግማሽ በላይ የሚታለበው እዚሁ ቪክቶሪያ ውስጥ እንደሆነ በቁጥር አውቀው ነበር፤ ላሞቹ በሚሽከረከር መድረክ ላይ ቆመው እንደ ፈረሰኛ ሰልፍ ሲያልፉ ማየት ግን ሌላ ነው። እኔ ያየሁት ትንንሹን ነገር ነው። አላቢዎቹ ጓንት አላቸው። እያንዳንዱ ጡት ከታለበ በኋላ አዮዲን ይረጭበታል፤ ቀዳዳው ወዲያው ስለማይዘጋ። የታመመች ላም እግሯ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮባት መጨረሻ ትታለባለች። ወተት መታለብ ስታቆም በጡቷ ውስጥ እንደ ማስቲሽ የሚደፍን ነገር ይገባላታል፤ የአየርላንዶቹ ሌላው ሙከራም ይህን መድፈኛ ከባክቴሪያው ፕሮቲን ጋር ማዋሃድ ነበር። ግድግዳው ላይ የየወሩ የወተት ሕዋስ ቆጠራ ተለጥፏል። የአንዲት ላም ወተት በአንድ ሚሊ ሊትር ከ200,000 ሕዋስ በላይ ካሳየ ድብቅ በሽታ ይጠረጠራል። ይህ አገር በ1998 ካውንትዳውን ዳውንአንደር የሚል ፕሮግራም የጀመረው ያን ቁጥር ለማውረድ ነው፤ ፕሮግራሙም በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ጓንት፣ ስለ ማሽንና ስለ መዝገብ ነው።

ለሽማግሌው ስለ ጠቃሚ ባክቴሪያ ነገርኳቸው፤ አሁን ግን «ተረጋግጧል» አላልኩም። በደንብ አዳመጡኝ። «ሲወጣ እገዛለሁ፤ እስከዚያ እጄን እታጠባለሁ» አሉ።

ተስፋ ቆርጬ አይደለም ይህን የምጽፈው። ለመመረቂያ ሥራዬ መምረጥ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ሰው የሚጠጣውን ወተት የማይበክል፣ ተደፍቶ የማይቀር፣ ባክቴሪያው የማይለምደው መድኃኒት ለፈረንጅ ገበሬ ቅንጦት ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ላም ላላት ሴት ግን የቤት ኪራይ ነው። ከእኛ እርጎ ውስጥ ጎበዙን ባክቴሪያ ለይቶ ማውጣት፣ ብቻውን ማሳደግ፣ መጀመሪያ በጡት ቆዳ ላይ መሞከር፤ ጡት ውስጥ መግባቱ የመጨረሻው ደረጃ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። እኔ ከመጨረሻው ነበር የጀመርኩት።

ከፋሲካ በኋላ እናቴ ራሷ ጉዳዩን አነሳችው። «ያ ድብቁ ያልሽው በሽታ፣ ሌሎቹ ላይ ካለ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። የማውቀው መልስ ነበረኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1957 የወጣ ምርመራ አለ፤ ሳሙና መሰል ፈሳሽ ወተቱ ላይ ሲጨመር የበሽታው ሕዋሳት ይፈነዳሉ፣ ወተቱም እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ፓኪስታን ውስጥ ደግሞ ይህንኑ በተራ የልብስ ሳሙና ዱቄት፣ በመቶ 3 እጅ ሟሟ፣ ሠርተውታል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ቆይ፣ መጀመሪያ ሐኪሙን ልጠይቀው» አልኳት። ስልኩን ከወንድሜ ወስጄ ደወልኩለትና ማን እንደሆንኩ፣ የእርጎውም ምክር የማን እንደነበር ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ጠርጥሬ ነበር፤ እናትሽ ለመዋሸት አትመችም» ብሎ ሳቀ። በኦሞ መሞከሩን እሱም ያውቀዋል፤ እንዴት እንደሚበጠበጥ ራሱ ሄዶ ሊያሳያቸው ተስማማ።

ባለፈው እሁድ ቪዲዮ መጣልኝ። አራት የቡና ስኒ ረከቦት ላይ ተደርድሯል፤ ለእያንዳንዱ ጡት አንድ። የእማዬ እጅ ኦሞውን ያንጠባጥባል፣ ስኒውን ያሽከረክራል። አንደኛው ውኃ ነው። ሁለተኛው ውኃ ነው። ሦስተኛው ተጎተተ፣ ከስኒው ጠርዝ እንደ ተልባ ተንጠለጠለ። «አየሽው?» ትላለች ከካሜራው ጀርባ፣ «አየሽው ይሄን? አሁን ምን ላድርግ?»

ቪዲዮውን ለሐኪሙ ላኪለት አልኳት።